የሚጥል በሽታና የማስታወስ ኀይል

ባለፈው ሴሚስተር በፈተና ሰሞን፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ በመኝታ ክፍላችን ተሰብስበን ስናጠና አንድ ጓደኛችን በድንገት ከወንበሩ ላይ ወደቀ። እጅና እግሩ ተንቀጠቀጠ፤ አፉ አረፋ ደፈቀ። ከእኛ አንዱ በሀገራችን ልማድ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ሌላው የተጨበጡትን ጣቶች ሊያላቅቅ ታገለ፤ የቀረነው በሩ ላይ ተገትረን ቆየን። ሁለት ደቂቃ ያህል አልፎ መንቀጥቀጡ ተወው፤ የተወውም በራሱ ጊዜ ነው እንጂ ጢሱ ስለ ሠራ አልነበረም። ጓደኛችን ጥቂት አንቀላፍቶ ነቃና «ምን ሆኜ ነው?» ሲል ጠየቀን።

የምንጽፈው ግን ስለ መውደቁ አይደለም። መውደቅን ሁሉም ያየዋል፤ ያዝንለታልም። የምንጽፈው ስለ መርሳቱ ነው። ይህ ጓደኛችን ነገር ቶሎ የሚገባው ሰው ነው፤ ማታ የተወያየንበትን የታሪክ ምዕራፍ ከማናችንም አብልጦ ያብራራል። ከዐሥር ቀን በኋላ ሲጠየቅ ግን ምዕራፉን ዐይኑ ያላየው ይመስላል። የሰው ስም ይጠፋበታል፤ የተቀጣጠርንበት ቦታ ይጠፋበታል። እኛም ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን በስንፍና ስንተረጕመው ኖርን፤ «ልብህ እኮ ሌላ ቦታ ነው» እያልንም ዘለፍነው። እርሱ አንድ ቀን እንኳ አልመለሰልንም። እንደ ሌላው ሰው ሁሉ፣ እርሱም ራሱ በሽታው ሌላ መርሳቱ ሌላ ይመስለው ነበር።

ከዚያች ሌሊት በኋላ በሕክምና ፋኩልቲ የሚማር ወዳጅ ይዘን፣ መጻሕፍትም ተውሰን ነገሩን ለመረዳት ሞከርን። የአርትስ ተማሪዎች ስለ አንጐል ሊጽፉ ተነሡ ብለው የሚሥቁብን እንደሚኖሩ እናውቃለን። ይሣቁ፤ ስሕተት ካገኙብን ግን በሚቀጥለው እትም ያርሙን። ዘመናቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ የሚጥል በሽታ ሁልጊዜ የማይጥል መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የአንጐል ሕዋሶች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በደካማ የኤሌክትሪክ ምት ነው። አያሌ ሕዋሶች ያለ ቅጥ በአንድ ጊዜ ሲጮኹ በሽታው ተነሣ ይባላል፤ ጩኸቱ አንጐልን በሙሉ ካዳረሰ ሰውየው ይወድቃል። በአንድ አካባቢ ብቻ ከተወሰነ ግን ምልክቱ እንደ ቦታው ነው። በጆሮአችን አንጻር ካለው፣ ሐኪሞች የአንጐል የጐን ክፍል ከሚሉት ቦታ የተነሣ እንደ ሆነ፣ በሽተኛው ከሆዱ ወደ ላይ የሚወጣ እንግዳ ስሜት ይሰማዋል፤ ወይም አሁን የሚያየውን ከዚህ በፊት ያየው ይመስለዋል። ከዚያም ዐይኑ ይፈዛል፤ ምንም ሳይጎርስ ያላምጣል፤ ልብሱን ይነካካል። አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ሲሆነው ይመለሳል፤ ስለዚያች ጊዜ ግን የሚያውቀው ነገር የለም። ጓደኛችን በክፍል ውስጥ አልፎ አልፎ እንዲህ ይሆን ነበር፤ እኛ ሐሳብ ይዞት ሄዶ ነው እንል ነበር።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሂዩሊንግስ ጃክሰን በ1888 የጻፈው ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዶክተር ዜድ ብሎ የሰየመው በሽተኛ ራሱም ሐኪም ነበረ። አንድ ቀን ሕመምተኛ ሲመረምር በሽታው ተነሣበት። ሲነቃ ጽሕፈት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ራሱን አገኘ፤ በወረቀቱም ላይ የሕመምተኛው ግራ ሳንባ በግርጌው ታሟል የሚል ጽሑፍ በራሱ እጅ ተጽፎ አየ። ደግሞ ቢመረምረው ምርመራው ትክክል ሆነ፤ እርሱ ግን መመርመሩን አያስታውስም። ዶክተር ዜድ በ1894 ሲሞት አንጐሉ ተከፍቶ ታየ፤ በግራው የጐን ክፍል ውስጠኛ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ የተበላሸች ቦታ ተገኘች። እጅ ሠራ፤ ዕውቀትም ሠራ፤ መዝጋቢው ብቻ በሥራው ላይ አልነበረም ማለት ነው።

የዚህ መዝጋቢ ስም ሂፖካምፐስ ነው። በግራም በቀኝም አንድ አንድ አለን፤ ርዝመቱ ከትንሽ ጣት አይበልጥም። በ1587 የቦሎኛው ሐኪም አራንዚ ቅርጹን ሲያይ የባሕር ፈረስ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ መሰለው፤ ወይም የሐር ትል ነው እያለም አመነታ፤ በኋላ የጸናው የባሕር ፈረሱ ስም ነው። (በትሉ ስም ቀርቶ ቢሆን ኖሮ የሕክምና ተማሪዎች እንዲህ አይኮሩበትም ነበር።) ሌሎች ደግሞ የበግ ቀንድ መሰላቸውና በጥንታዊት ግብጽ አምላክ ስም የአሞን ቀንድ አሉት። ከዚሁ ስም የላቲን ፊደሎች ተወስደው የሕዋሶቹ ሰፈሮች ሲ.ኤ. 1፣ ሲ.ኤ. 2፣ ሲ.ኤ. 3 እና ሲ.ኤ. 4 ይባላሉ፤ ስያሜውን ያወጣው በ1934 ሎረንቴ ደ ኖ የተባለ የስፔን ተወላጅ ነው። ከሰፈሮቹ አጠገብ ጥርስ መሰል ጥምዝ የሚባል ሌላ ክፍል አለ።

ሥራውን በመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ብንመስለው እንደሚቀል ታየን። ሂፖካምፐስ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት መደርደሪያ አይደለም፤ ቍጥር ሰጥቶ የሚያስቀምጣቸውና ሲፈለጉ የት እንዳሉ የሚያውቀው ጸሐፊ ነው። መደርደሪያው ሰፊው የአንጐል ልባጥ ነው። ከዚያ የመጣው ወሬ በመጀመሪያ ወደ ጥርስ መሰሉ ጥምዝ ይገባል፤ በዚያ ተመሳሳይ ነገሮች ይለያያሉ፤ ለምሳሌ ትናንትና ዛሬ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ መምህር የተሰጡ ሁለት ትምህርቶች ሁለት ፋይል እንጂ አንድ እንዳይሆኑ ይደረጋል። ከዚያ ወደ ሲ.ኤ. 3 ያልፋል። የዚህ ሰፈር ሕዋሶች እርስ በርሳቸው በብዙ ገመድ የተያያዙ ስለ ሆኑ፣ ከነገሩ ጥቂት ቍራጭ ሲሰጣቸው ሙሉውን መልሰው ያነሣሉ፤ የአንድ ዘፈን መግቢያ ስንሰማ የሠርጉ ቤት ሁሉ ትዝ እንደሚለን ማለት ነው። ሲ.ኤ. 1 የመውጫው በር ነው። ጸሐፊው ቢሞት ብዙ ጊዜ የተመላለሱት አሮጌ ፋይሎች ሳይጠፉ ይገኛሉ፤ አዲስ የሚመጣው ወረቀት ግን ቍጥር ሳያገኝ መሬት ላይ ይከመራል።

የጸሐፊው መጐዳት ከሚጥል በሽታ ጋር አብሮ እንደሚገኝ የታወቀው ከረዥም ጊዜ በፊት ነው። በ1825 ቡሼና ካዞቪዬል የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች በበሽታው የሞቱ ሰዎችን አንጐል ከፍተው ሲያዩ በአንዳንዶቹ ላይ ሂፖካምፐሱ ጠንክሮ አገኙት። በ1880 ጀርመናዊው ቪልሄልም ዞመር የ90 ሰዎችን ምርመራ ሰብስቦ ሲመለከት፣ በተለይ አሁን ሲ.ኤ. 1 በምንለው ሰፈር ሕዋሶቹ አልቀው፣ ቦታቸውን እንደ ጠባሳ ያለ ነገር እንደ ሸፈነው አስረዳ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ሁሉ «ጠባሳው በሽታውን አመጣ ወይስ በሽታው ጠባሳውን?» የሚል ሆነ። ስለ ማስታወስ የሚጠይቅ እምብዛም አልነበረም። ነገሩ የተገለጠው በሳይንስ ጥበብ ሳይሆን በአንድ ታላቅ ጥፋት ምክንያት ነው።

ሄንሪ ሞሌሰን የተባለው አሜሪካዊ ከልጅነቱ ጀምሮ በበሽታው ይሠቃይ ነበር፤ መድኀኒቱም አልያዘለትም። በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ በሃርትፎርድ ከተማ ዊልያም ስኮቪል የተባለው ሐኪም በግራም በቀኝም የጐኑን ክፍል ውስጠኛ ገጽታ፣ ሂፖካምፐሱን አብዛኛውን ጨምሮ፣ ቈርጦ አወጣው። ሕመሙ በእርግጥ ቀነሰ። ሄንሪ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አዲስ ነገር ሊይዝ አልቻለም። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው የሥነ ልቡና ሊቅ በሚያዝያ 1955 ከሞንትሪያል መጥታ ስትጠይቀው ቀኑ መጋቢት 1953 እንደ ሆነ፣ ዕድሜውም 27 እንደ ሆነ ነገራት። የማሰብ ችሎታው ግን አልተነካም፤ በፈተናው ያገኘው ቍጥር ከቀዶ ሕክምናው በፊት 104 ነበር፤ በኋላ 112 ሆነ። በኋላም በመስተዋት እያየ ኮከብ መሣል በተለማመደ ጊዜ እጁ ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ሄደ፤ እርሱ ግን በየቀኑ ይህን ሥራ አይቼው አላውቅም ይል ነበር። ሄንሪ በ2008 በ82 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ኤች. ኤም. በሚል ስም ብቻ ይታወቅ ነበር፤ ከሞተ በኋላ አንጐሉ በ2401 ስስ ቅጠሎች ተቈርጦ ተጠና።

ይህን ታሪክ ከእናንተ ብዙዎቹ በሥነ ልቡና ትምህርት ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ለጉዳያችን ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ብዙ የማይነገርለት ሌላ በሽተኛ ነው። የሄንሪ ሂፖካምፐስ የጠፋው በቢላዋ ነው፤ በሽታው በራሱ ምን እንደሚያደርግ ከእርሱ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ፒ. ቢ. የሚባለው ግን ሌላ ነበር። ይህ ሰው ኢንጂነር ነበረ። በሞንትሪያል ታላቁ ቀዳጅ ሐኪም ዋይልደር ፔንፊልድ በ1946 ከግራው የጐን ክፍል ጥቂት ቈረጠለት፤ በሽታው ስላልተወው በ1951 የግራውን ሂፖካምፐስ ጨምሮ አወጣለት። የወጣው የግራው ብቻ ነው፤ የቀኙ አልተነካም። እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሌሎች አያሌ ሰዎች ትዝታቸው ያን ያህል ሳይበላሽ ወጥተዋል። ፒ. ቢ. ግን እንደ ሄንሪ አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። ለምን?

ፔንፊልድና ሚልነር አንድ ግምት አቀረቡ፤ ይኸውም «በቀኝ በኩል ያለው ሂፖካምፐስ ቢላዋ ሳይነካው አስቀድሞ የሞተ መሆን አለበት፤ ሰውየው ሲያስታውስ የኖረው በግራው ብቻ ነበር፤ እኛም ያንን አንዱን ወሰድንበት» የሚል ነው። ግምቱ በ1955 በአሜሪካ ነርቭ ሐኪሞች ጉባኤ ሊነበብ አጭር መግለጫው ሲወጣ ስኮቪል አነበበውና በእርሱም ዘንድ እንዲህ ያለ በሽተኛ እንዳለ ለፔንፊልድ በስልክ ነገረው፤ ሚልነር ወደ ሃርትፎርድ የሄደችው ከዚያ ስልክ በኋላ ነው። ፒ. ቢ. በ1964 በሌላ ምክንያት ሞተ። አንጐሉ ሲከፈት የቀኙ ሂፖካምፐስ ተኰማትሮ፣ ሕዋሶቹም አልቀው ተገኙ፤ ጉዳቱም እጅግ የቈየ፣ ምናልባትም ከልደቱ ጊዜ የጀመረ መሆኑ ታወቀ። ውጤቱ በ1974 ታተመ። አንድ ሊቅ በሕያው ሰው አንጐል ውስጥ የማይታየውን የሕዋሶች እልቂት ከመርሳት ብቻ ተነሥቶ መገመቱና ከዓመታት በኋላ እውነት ሆኖ መገኘቱ እኛን በጣም አስደንቆናል። በሌላ በኩል፣ እንዲህ ያለ ዕውቀት ዋጋውን የከፈለው ያ ኢንጂነር መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

እንግዲህ ሕዋሶቹን የሚገድላቸው ምንድን ነው? የአንጐል ሕዋስ ለጎረቤቱ «ንቃ» የሚለው ግሉታሜት በሚባል ንጥረ ነገር ነው። በልኩ ሲሆን ትምህርትም ትዝታም በእርሱ ይሠራል። በሽታው ተነሥቶ ሳያቋርጥ ሲፈስ ግን የሕዋሱ በሮች ተከፍተው ይቀራሉ፤ ካልሲየም ከመጠን በላይ ይገባል፤ ሕዋሱም ኀይሉን ጨርሶ ይሞታል። ቀድሞ «መተንፈስ ስለሚያቅተው፣ አየር ስለሚያጥረው ነው የሚሞተው» ይባል ነበር። በ1973 ሜልድረምና ባልደረቦቹ ይህን በዝንጀሮዎች ፈተኑት፤ ጡንቻቸው እንዳይንቀጠቀጥ በመድኀኒት አስረው፣ በመሣሪያም እያስተነፈሷቸው፣ በአንጐላቸው ውስጥ ብቻ ማዕበሉ ለሰዓታት እንዲቀጥል አደረጉ። ጉዳቱ በአንዳንድ ቦታ ቀነሰ፤ የሂፖካምፐስ ሕዋሶች ግን ሞተው ተገኙ። ማዕበሉ በራሱ ገዳይ ነው ማለት ነው።

በሰው ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ አይደረግም፤ ነገር ግን በ1987 መጨረሻ ላይ በካናዳ ባሕሩ ራሱ አደረገው። ከፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት አካባቢ የመጣ ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ በልተው ከ100 በላይ ሰዎች ታመሙ። ባሕሩ ላይ የበቀለ ረቂቅ ተክል ዶሞይክ አሲድ የሚባል መርዝ አፍርቶ ኖሯል፤ ይህ መርዝ ግሉታሜትን ይመስላል፤ የሕዋሶቹንም በር እንደ እርሱ ይከፍታል። ከታመሙት አንዳንዶቹ አእምሯቸው ሳይታወክ አዲስ ነገር መያዝ ብቻ አቃታቸው። ከእነርሱ መካከል የ84 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። በመጀመሪያ ሳያቋርጥ ተንቀጠቀጡ፤ ያ በመድኀኒት ቆመ፤ ማስታወሳቸው ግን አልተመለሰም። ለወራት በደኅና ከቆዩ በኋላ፣ በዓመቱ ገደማ፣ ከጐን ክፍል የሚነሣው የሚጥል በሽታ ጀመራቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ በሳንባ ምች ሲሞቱ ሁለቱም ሂፖካምፐሶቻቸው ሕዋስ አልቆባቸው፣ ጠባሳ ሆነው ተገኙ።

በዚህ አንድ ሰው ታሪክ ላይ የመቶ ዓመቱ ክርክር መልስ ያገኘ ይመስለናል፤ መልሱም ሁለቱም እውነት ነው የሚል ነው። ማዕበሉ ሕዋስ ይገድላል፤ ከእልቂቱ የተረፉት ሕዋሶች ደግሞ የሞቱ ጎረቤቶቻቸውን ቦታ ለመሙላት አዲስ ገመድ ያበቅላሉ፤ ገመዱ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ቦታ ይገናኝና ጩኸቱን በክብ ያዞረዋል፤ ለሌላ ማዕበል መንገድ ይሆናል። ሁሉም ሕዋስ ግን እኩል አይሞትም። ሲ.ኤ. 1 እና ሲ.ኤ. 4 በጣም ይጐዳሉ፤ ሲ.ኤ. 2 ጠንካራ ነው፤ ለምን እንዲህ እንደሚጠነክር ወዳጃችን ሊያስረዳን ሞክሮ ነበር፤ እኛ ግን አልገባንምና እንለፈው።

እዚህ ላይ ፍርሃት እንዳናነዛ አንድ ነገር እንበል። እያንዳንዱ መውደቅ ሕዋስ ይጨርሳል ማለት አይደለም፤ በሽታው እያለባቸው ሂፖካምፐሳቸው ደኅና የሆነ ብዙዎች አሉ። ይበልጥ የሚያሠጋው ሳያቋርጥ የሚቆየው ነው። ስለዚህ ሰው ሲወድቅ ክብሪቱን ትተን ሰዓት ማየት አለብን። በጐኑ አስተኝቶ፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጎ፣ አፉ ውስጥ ምንም ሳይከቱ መጠበቅ ነው፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። በሕፃንነት በትኩሳት ምክንያት የሚመጣ ረዥም መንቀጥቀጥም በአንዳንድ ልጆች ላይ ሂፖካምፐሱን ጐድቶ እንደሚተው ታውቋል። የጓደኛችን እናት ልጃቸው በሁለት ዓመቱ ትኩሳት ይዞት ከጠዋት እስከ ቀትር ሲንቀጠቀጥ እንደዋለ ነግረውታል፤ ጠበል ወስደውት ዳነ ይላሉ። በ1990 የታተመ አንድ ጥናት በመስቃንና በማረቆ ገጠር ከ1000 ሰው 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይቶ ነበር፤ መድኀኒት ይወስዱ የነበሩት ደግሞ እጅግ ጥቂቶች ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ፤ የሞቱት ሕዋሶች ብዛት የመርሳቱን መጠን ይወስናልን? ይህን ማወቅ የተቻለው ሐኪሞች የታመመውን የጐን ክፍል ቈርጠው ካወጡ በኋላ ሕዋሶቹን በማይክሮስኮፕ መቍጠር በመጀመራቸው ነው። በሽተኛው ከቀዶው በፊት የማስታወስ ፈተና ይወስዳል፤ በኋላ ቍጥሩና ፈተናው ይነጻጸራል። በ1990 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከግራ በኩል በወጡት ላይ፣ በሲ.ኤ. 3 እና በጥርስ መሰሉ ጥምዝ እቅፍ ውስጥ ያሉት ሕዋሶች ባነሱ ቍጥር የቃላት ትዝታም እንደሚያንስ አገኙ። በቀኝ በኩል ግን ይህ አልታየም። ይህም ሚልነር ቀደም ብላ ካስተማረችው ጋር ይስማማል፤ በአብዛኛው ሰው ዘንድ የግራው ለቃል፣ ለታሪክና ለስም፣ የቀኙ ለመልክና ለቦታ ያደላል፤ የቀኙ ነገር ግን እንደ ግራው አጥብቆ የተረጋገጠ አይደለም። ተማሪ ሲሆኑ በግራ መጐዳት እንዴት እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም፤ ፈተናችን ሁሉ ቃል ነውና።

በ2014 ከጀርመን ሀገር የወጣ ሌላ ጥናት ይህንኑ አጸና፤ ከማስታወስ ጋር የተያያዘው የሲ.ኤ. 3፣ የሲ.ኤ. 4 እና የጥርስ መሰሉ ጥምዝ መጐዳት ነው፤ የሲ.ኤ. 1 እልቂት ከፈተናው ውጤት ጋር አልሄደም። ይህ ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። በ1986 ስለ አር. ቢ. የተጻፈው ተቃራኒውን ይናገራልና። ይህ ሰው የሚጥል በሽታ አልነበረበትም፤ በ1978 የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ደም ለአንጐሉ አጥሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ አዲስ ነገር ለመያዝ ሲቸገር ኖሮ ሲሞት የተገኘበት ዋና ጉዳት በሁለቱም በኩል የሲ.ኤ. 1 ማለቅ ነበር። የመውጫው በር ቢዘጋ ቤቱ ሥራ ይፈታል፤ ይህ ግልጽ ነው። ታዲያ በሚጥል በሽታ ጊዜ በሩ ቢዘጋም ሥራው የማይቆመው ለምንድን ነው? እንደሚመስለን የአር. ቢ. ጉዳት ድንገተኛና ባለ ሁለት ወገን ነበር፤ በሚጥል በሽታ ግን ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ይበረታል፤ በብዙ ዓመትም ስለሚመጣ አንጐል ሌላ መውጫ ያበጃል። ይህ የእኛ ግምት ነው፤ የሚያፈርስልን ካለ በደስታ እንሰማለን።

ሁሉንም በሕዋሶች ላይ ማላከክም ስሕተት ነው። ከ1912 ጀምሮ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ሰውን ያፈዛል። ሌሊት በእንቅልፍ ጊዜ የሚተኰሱ ትንንሽ ምቶች ትዝታ እንዳይጸና ያውካሉ። ኀዘንና ፍርሃትም የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ በሽታውን ሲደብቅ የሚኖር ሰው ደግሞ ሁለቱም አይለዩትም።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኛን ያሳሰበን የቀዶ ሕክምናው ምርጫ ነው። መድኀኒት እምቢ ላላቸው ሰዎች ቀዶው ትልቅ ተስፋ ነው። በ2001 በካናዳ የወጣ ጥናት 80 በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ በዓመቱ ሲመለከት፣ ለቀዶ ከተመደቡት 58 ከመቶው ራስን ከሚያስት ሕመም ነጻ ሆነው ተገኙ፤ በመድኀኒት ብቻ ከቀሩት ግን 8 ከመቶው ብቻ። ቀዶው የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ለሁሉም አንድ አይደለም። በ1993 ራውሽና ባብ የተባሉ ተመራማሪዎች በግራ በኩል የተቀደዱትን ሲያወዳድሩ፣ ሂፖካምፐሳቸው ክፉኛ ያለቀባቸው ከቀዶው በፊትም ቃል የሚረሱ ነበሩ፤ በቀዶው ግን እምብዛም አልባሰባቸውም። ብዙ ሕዋስ የተረፈላቸው ደግሞ አስቀድሞ በደንብ ያስታውሱ ነበር፤ ከቀዶው በኋላ ግን የወረዱት እነርሱ ናቸው። ያለው ያጣል፤ የሌለው የሚያጣው የለም። የሰው ልጅ ከዚህ የበለጠ አስቸጋሪ ስሌት ሲቀርብለት አናውቅም፤ «ስሞችንና ግጥሞችን በቃልህ ይዘህ በየሳምንቱ ትወድቃለህ ወይስ መውደቁን ትተህ ስሞቹን ትሰጣለህ?» ተብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

የፒ. ቢ. ጥፋት እንዳይደገም አሁን ሐኪሞች አስቀድመው ይመረምራሉ። በኤም. አር. አይ. የሁለቱን ወገን መጠን ይለካሉ፤ የተኰማተረው ይታያል። ዋዳ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪም የፈጠረውም ዘዴ አለ፤ በአንገት ደም ሥር በኩል የማስተኛ መድኀኒት ሰጥተው የአንጐሉን ግማሽ ለጥቂት ደቂቃ ያስተኙታል፤ ነቅቶ የቀረው ግማሽ ሥዕልና ቃል ሲያሳዩት መያዝ ከቻለ፣ ብቻውን ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ካልቻለ ቢላዋው ይመለሳል።

ጓደኛችን ኤም. አር. አይ. ተነሥቷል። የግራው አንሶ ታይቷል፤ የቀኙ ደኅና ነው። ፎቶግራፉን አምጥቶ በመስኮቱ ብርሃን ሲያሳየን፣ ሁላችንም ዝም ብለን ያቺን የትንሽ ጣት ግማሽ የምታህል ጥላ አየናት። ስለ ቀዶው ገና አልወሰነም፤ ለጊዜው ሐኪሙ መድኀኒቱን ለውጦለታል። እኛም የአጠናን ዘዴያችንን ለወጥን። እንዲህ ያለ ሰው «ምን ነበር ያልነው?» ተብሎ በባዶ ሲጠየቅ ያጣዋል፤ ፍንጭ ሲሰጠው ግን ብዙ ጊዜ ያገኘዋል፤ ፋይሉ አለ፤ ቍጥሩ ነው የጠፋው። ስለዚህ በማግሥቱ፣ በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ ያንኑ ምዕራፍ ደግመን እናነሣለን፤ የመጀመሪያውን ቃል እኛ እንጀምራለን፤ የቀረውን እርሱ ይሞላዋል። ባለፈው ሐሙስ አንዱ ረስቶት የነበረውን ዓመተ ምሕረት እርሱ ከደብተሩ አውጥቶ አረመው፤ ደብተሩን አሁን ከእጁ አይለየውም።